የድልድዩ ዋስ

ይህ ሰውዬ ያስከፈለኝን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፤ አንድ ሙሉ ልብስ፣ አንዲት በቅሎ፣ የእናቴን ቀብርና አንድ ወንድም። ልብሱን አውቄ ሰጠሁት። የቀረውን እሱ ወሰደብኝ እያልሁ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ፤ አሁን እንደዚያ አልልም።

ሰውዬው የምክር ቤት አባል ነው። «ነበር» ማለት አይቻልም፤ ዛሬም ነው። እኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ስነግድ ሸበትሁ፣ እሱ እዚያ ወንበር ላይ ሸበተ። ልዩነቱ እሱ አበል እየበላ መሸበቱ ነው።

የተወለድነው አንድ ቀበሌ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከማኪና ወርዶ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። ከመድረስ በፊት ወንዝ አለ። በበጋ ዶሮ ይሻገረዋል፤ በክረምት በሬ ይወስዳል። ከወንዙ ወዲያ ማዶ አገራችን፣ ቤተ ክርስቲያናችን፣ የአባቴ መቃብር፤ ከወንዙ ወዲህ ማዶ መንገዱ፣ ገበያው፣ ሐኪም ቤቱ። እዚያ አገር የሚሆነው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከዚህ ወንዝ አያልፍም።

ፊደል የቆጠርነው ከአንድ የኔታ ዘንድ ነው። እኔ እየጠፋሁ ገበያ እውላለሁ፤ እሱ ከፊት ተቀምጦ ዐይኑን እንደገለጠ ይተኛል። የምገረፈው እኔ ነኝ። እሱ አንድም ቀን አልተገረፈም። ይህን ያየ ሰው የት እንደሚደርስ ያን ጊዜ ማወቅ ነበረበት።

አድጎ መምህር ሆነ። ለምክር ቤት ሲታጭ መጀመሪያ የመጣው እኔ ሱቅ ነው።

«ሰው ፊት የምቆምበት ልብስ የለኝም» አለኝ።

«ምነው፣ ይኸ ኮትህስ? ስንት ዓመት አስተማርህበት።»

«ተማሪ አይመርጥማ።»

ሳቅሁ። የሚያስቀኝ ሰው እጄን ይፈታዋል፤ በንግድ ላይ ያለኝ ድክመት ይኸ ብቻ ነው። ፒያሳ ወስጄ ግራጫ ሙሉ ልብስ አሰፋሁለት። ልብስ ሰፊው ልኩን ሲወስድ፣ «ወገቡን ሰፋ አድርገው፤ ገና ነኝ» አለው። እውነቱን ነበር። ገና ነበር።

የምረጡኝ ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ሆነ። ልብሱን ያለበስሁት እኔ ስለሆንሁ እንዴት እንደሚቆምበት ለማየት ከጎንደር ሄጄ ነበር። ሸጋ አድርጎ ቆመ፤ ሸጋ አድርጎም ተናገረ። ከመረጣችሁኝ በወንዙ ላይ ድልድይ አሠራለሁ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ሲበርድ ያገሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ ጠብም ጋብቻም በእሳቸው የሚያልቅ ሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሸጋ ተናገርህ» አሉት። «በል ዋስ ጥራ።»

በእኛ አገር ለነገ ቃል የሚገባ ሰው ዋስ ይጠራል። በሬ በዱቤ ቢወስድ፣ ከባላጋራው ቢታረቅ፣ ሚስቴን ሁለተኛ አልመታም ቢል፣ አንድ ሰው ከጎኑ ተነሥቶ «ዋስ ነኝ» ካላለ ቃሉ ወሬ ነው። ቃሉ ሲቀር የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ሽማግሌው መንግሥትንም በዚሁ ሕግ ሊይዙት ነው።

ከወረዳ የመጣው አስተባባሪ ጣልቃ ገባ። «አባቴ፣ ምርጫ ዋስ የለውም። መመሪያው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«እኔ መመሪያህን አላነበብሁትም። አንተም ወንዛችንን አላየኸውም፤ በበጋ ነው የመጣኸው። ዋሱን ይጥራ።»

እጩው ግራና ቀኝ አየ። ዘመዶቹ ጫማቸውን አዩ። ሊያሸንፍ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ ድልድይ ሊያሠራ መቻሉን ግን አንድም ሰው በራሱ ላይ ሊወስድለት አልፈለገም። በመጨረሻ ዐይኑ እኔ ላይ አረፈ።

የተነሣሁት በፍቅሩ አይደለም። ድልድይ ካለ አይሱዙ ማሳው ድረስ ይገባል፤ ሽንኩርቱን ከማንም ቀድሜ እጭናለሁ አልሁ በልቤ። ምክር ቤት ውስጥ ሰው ማግኘትም የሚጠላ አይደለም። ደግሞም ዋስነት ከአፍ የሚወጣ ነገር ነው፤ ኪሎ የለውም።

«ዋስ ነኝ» አልሁ።

«ቢቀር?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔን።»

«እጅህን አምጣ።» በመዳፋቸው መዳፌን መቱት። ያረጀ ሰው እጅ እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አልጠበቅሁም።

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና አይታኝ ነበር። ወደ ቤት ስንወርድ፣ «አፍህን ለሰው አዋስህ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ድልድይ እኮ ነው።»

«ድልድዩንማ ሰምቻለሁ። እኔ ስለ አፍህ ነው የጠየቅሁህ።»

ታናሽ ወንድሜ ከኋላችን ሆኖ ሳቀ። እሱ ከእናታችን ጋር እያረሰ እዚያው የቀረ ነው። የማይስቅበት ነገር አልነበረም።

ሰውዬው ተመረጠ። ከዚያም ተመረጠ። ከዚያም። ፓርቲው ስሙን ሲለውጥ እሱ ኮፍያውን ለወጠ። አሮጌውን ኮፍያ ለወንድሜ ሰጠው፤ ወንድሜ ሽንኩርት ሲኮተኩት ያደርገው ጀመር። አብረውት የገቡት ግማሾቹ ታሰሩ፣ ግማሾቹ ተሾሙ፣ ግማሾቹ ደግሞ ተረሱ፤ ሦስት ግማሽ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ የሆነው ግን እንደዚያ ነው። እሱ አልታሰረም፣ አልተሾመም፣ አልተረሳም። ያው ወንበር ላይ ነው።

አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ሻይ ስንጠጣ፣ «እዚያ ሥራህ በእርግጥ ምንድን ነው?» አልሁት።

«እጅ ማውጣት።»

«እሱማ የኔታ ቤትም አልከበደህም።»

«ቀላል መሰለህ?» አለኝ ምሩን። «ቀድመህ ካወጣህ ዐይን ውስጥ ትገባለህ። ከዘገየህ አመነታ ይሉሃል። መካከሉን ማወቅ ነው። እኔ ከፊቴ ሁለት ረድፍ ሲያወጣ አወጣለሁ።»

«የሚቃወም ተብሎ ሲጠየቅስ?»

«ያን ጊዜ ውሃ እጠጣለሁ።»

አንድ ዓመት ስለ ድልድዩ ሊናገር ነው ተባለ። ስብሰባው በራዲዮ ይተላለፋል። አገሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ከሽማግሌው ግቢ ራዲዮኑን ከበበ። እኔም ለገበያ ሄጄ ስለነበር ዋስ ነህ ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። ሰብሳቢው የእሱን ስም ጠርተው ዕድል ሲሰጡት ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ።

«ይሰማል?» አለ።

«ይሰማል» አሉት ሰብሳቢው።

«አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ፈርቶ ይሁን ሰዓቱ አልቆ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወንድሜ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። ራዲዮኑን ዘጉና እኔን አዩኝ።

ከዚያ ሁሉ ዓመት የማስታውሰው ንግግሩ እሱ ነው። ለሰው ሲሆን ግን አንድ ሌላ ቃል ነበረችው፤ «ይዤዋለሁ» የምትል። ምን ቢነግሩት ከደረት ኪሱ ደብተር አውጥቶ በዚያ በመምህር ጽሑፉ ይጽፋትና «ይዤዋለሁ» ይላል። በተመረጠ በዓመቱ ክረምት ወንዙ በቅሎዬን ከነጭነቷ ወሰዳት። ነገርሁት፤ ይዤዋለሁ አለኝ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሽማግሌው ልጅ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወንዙ ዳር ድረስ አወረዷትና ውሃው እስኪጎድል ጠበቁ። ውሃው በሁለተኛው ቀን ጎደለ። እሷ እስከዚያ አልቆየችም።

ሰውዬው ለቅሶው ላይ ተገኘ። አለቀሰ። ለቅሶው የውነት ነው፤ ሰው ሲሞት አንጀቱ አይችልም። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ደብተሩን አወጣ። ሽማግሌው ወደ እሱ አልሄዱም፤ ሰዉን አልፈው እኔ ዘንድ መጡ።

«ዋስ፣ ምን አልህ?»

«እጠይቀዋለሁ አያ።»

«ጠይቀው» አሉኝ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ጠይቄዋለሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ገባኝ። በክረምት ገበሬው እህል ሲያልቅበት ቆጥ ላይ ያቆየውን ሽንኩርት አውርዶ በጀርባው አሻግሮ ወዲህ ማዶ ያመጣል። ሌላ ነጋዴ ያን ጭቃ አይደፍርም፤ የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰማዩ ዝናብ ተሸክሟል፣ ወንዙ እየሞላ ነው፤ ሽንኩርቱን መልሶ ማሻገር ማለት መሞት ነው። ስለዚህ ያልሁትን ዋጋ ይቀበላል። እያንዳንዱን ክርክር በዚያች ወንዝ እረታ ነበር፤ «ካልተስማማህ ይዘኸው ተሻገር» ማለት ብቻ ይበቃኛል። ድልድይ ቢኖር አይሱዙ ለእኔ ብቻ አይገባም።

ይህ ከገባኝ በኋላ ሰውዬው ጎንደር ሲመጣ ጥብስ እጋብዘዋለሁ፤ ድልድዩን አላነሣበትም፣ እሱም አያነሣብኝም። ከማንም ጋር እንደዚያ ተግባብቼ አላውቅም።

እናቴ የታመመች ሰኔ ላይ ነው። ወንዙ ሳይሞላ ወንድሜ በጀርባው አሻግሮ ጎንደር አመጣልኝ። ሐኪም ቤት ተኛች፤ አልሆነም። ነሐሴ ላይ፣ ድምፅዋ ሲሰልል፣ «ከአባታችሁ አጠገብ አድርጉኝ» አለችን።

«ክረምት ነው እማዬ፤ እዚህም ጥሩ ጥሩ ደብር አለ» አልኋት።

«ድልድይ አለ አላልኸኝም?»

ዐይኗን ጨፍና ስለነበር ቀልድ ይሁን አይሁን አልለየሁም። በማግስቱ አረፈች።

ሬሳዋን በአይሱዙ ጭነን ጭቃው እስከ ፈቀደ ሄድን፤ ከዚያ በቃሬዛ ተሸከምናት። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሙሉ ነው፤ ድፍርሱ ውሃ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ከወዲያ ማዶ አገሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ጎበዞቹ ከዛፍ ዛፍ ገመድ ወጥረው ጨርሰዋል። ስድስት ሆነው ተሻገሩ፣ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ ያዙት፣ ውሃው አንገታቸው እየደረሰ እናቴን ጠብታ ሳይነካት አሻገሯት። ወንድሜ ገመዱን ይዞ ተከተላቸው። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ።

ወንዙ እዚያ ላይ ጠባብ ነው፤ ጮኸ ብሎ የተናገረ ሰው ይሰማል። ሽማግሌው ከወዲያ ማዶ ጠሩኝ።

«ጫማህን አድርግ።»

«ምነው አያ?»

«ዋስ አይደለህ? ድልድዩ ሲሠራ ትሻገራለህ።»

«እናቴ እኮ ናት።»

«እሷንማ እንቀብራለን። ሬሳ አይቀጣም። አንተ ከተሻገርህ ግን እኛ ወደየቤታችን ነን። ከካህናቱ ጋር ሆነህ ቅበራት።»

«ቃሉን የገባ እሱ ነው። እሱን ጠይቁት።»

«እሱ የመንግሥት ሰው ነው፤ እጃችን አይደርስበትም። ዋስ የሚጠራው ለዚህ አይደል? እጃችን የሚደርስበት ሰው እንዲኖር።» ደግሞም ጨመሩ። «ሽንኩርታችንን ከዚያ ማዶ ቆመህ ስትገዛን ኖርህ። ዛሬም እዚያው ቁም።»

ከኋላቸው የቆመውን ሰው ተራ በተራ አየሁት፤ አንዱ «ተው» ይላል ብዬ። ሁሉም ሽንኩርት ሸጠውልኛል። ማንም አልተናገረም። ወንድሜ ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ ከቃሬዛው አጠገብ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል።

እናቴ በሕይወቷ ከአንድም ሰው ቀብር አልቀረችም። ሰው የሌለበት ቀብር ለእሷ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሽማግሌውም ስለሚያውቁ ነው ያን ያሉት። ጫማዬን አደረግሁ።

ተሸክመዋት ዳገቱን መውጣት ሲጀምሩ ሰውዬው ደረሰ። ማኪናውን አይሱዙው አጠገብ አቁሞ በእግሩ መጥቷል። አቀፈኝ፤ አለቀሰልኝ።

«እግዜር ያጥናህ። ምነው አትሻገርም?»

«ዋስ ነኝ።»

«የምን?»

አየሁት። አላሾፈም። «የድልድዩ» አልሁት።

ደብተሩን አወጣና ገለጠ። አንዱ ደብተር ሲያልቅ ወደ አዲሱ ይገለብጠዋል መሰለኝ፤ ከትከሻው በላይ ሆኜ አነበብሁት። «ድልድይ» ይላል፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከጎኑ ደግሞ «ዋስ አለው» ይላል። ሌላ ምንም የለም። እሱ ዘንድ ነገሩ ያን ቀን ጽዱ ሥር ያለቀ ኖሯል።

«አዎ፣ አለው ይላል» አለኝ። ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ሁለት ጎበዞች ሊያሻግሩት መጡ። «ክቡርነትዎ፣ በትከሻችን ይሁኑ» አሉት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ፣ ጫማውን አወለቀ።

«ጫማዬን ያዝልኝ» አለኝ።

ያዝሁለት። ደብተሩን እንዳይርስ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ተሻገረ። ሰዉ ቆሞ ጠበቀው። ከዚያ ዳገቱን አብሯቸው ወጣና ተሰወሩብኝ። ደወሉን ሰማሁ። ፍትሐቱ አልተሰማኝም፤ ወንዙ ይጮኻል። የሰው ጫማ ታቅፌ ተቀመጥሁ።

ሲመለስ እግሩን በነጠላው ጫፍ አድርቆ ጫማውን አደረገ። «ሸጋ ቀብር ነበር» ብሎኝ ሄደ።

ወንድሜም በገመዱ ተሻግሮ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። የሆነውን ነገረኝ። ሰውዬው ከመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ድልድዩን እንደገና ቃል ገባ። ሽማግሌው ዋስ ጥራ አሉት። የሚነሣ ጠፋ። ወንድሜ ተነሣ።

«ምን ብለህ?»

«የወንድሜን ዋስነት እኔ ልውሰድ፤ እሱን ፍቱት አልሁ። እጄን መቱኝ።» መዳፉን አሳየኝ፣ ምልክት ያለበት ይመስል። «ተፈትተሃል። ነገ ተሻግረህ መቃብሯን እይ።»

ድልድዩ እንደማይሠራ ያን ቀን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «አይሆንም፣ የእኔ ነው» ማለት እችል ነበር። ሰውዬው ገና ሩቅ አልሄደም፤ ተከትዬ ልጠራውም እችል ነበር።

«ውሃው ይጉደል» አልሁት ወንድሜን።

በአርባዋ ተሻገርሁ። አገሩ አቅፎ ሳመኝ፤ ሽማግሌው ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ ጠላውን በትልቁ ዋንጫ ቀዱልኝ። መቃብሯን አየሁ። ሣር በቅሎበታል።

በሚቀጥለው ክረምት ወንዙ ሁለት በሬ ወሰደ። ዋሱን ጠየቁት። ወንድሜ እንደ እኔ ጎንደር ሱቅ የለውም፤ ኑሮው እዚያው ነው። ለአጨዳ ደቦ ቢጠራ የመጣለት የለም፤ ገብሱ ዝናብ መታው። በማኅበር ላይ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሱን ዘሎ ያልፋል። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ከአባቷ ቤት ገባች። ይህን ሁሉ ሱቄ መጥቶ ሲነግረኝ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር።

«አንተ ትቀርበዋለህ» አለኝ። «የድንጋይ ጠረባውን ብቻ እንኳ ያስጀምረው። አንድ ማኪና ድንጋይ ቢያራግፍ እዚያ ዳር ላይ፣ ሰዉ አይቶ ይተወኛል።»

«እነግረዋለሁ።»

«ትነግረዋለህ?»

«ነገርሁህ እኮ።»

በዚያው ሳምንት ሰውዬው ጎንደር ነበር። ወደ ቀሐ ሲወርዱ ካለች አንዲት ቤት ጥብስ በላን። ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራኝ፤ ስብሰባው ላይ መቀመጥ ያመዋል። አዘንሁለት። ስለ ድልድዩ ልናገር አፌን የከፈትሁ ይመስለኛል፤ አስተናጋጇ ሌላ ጥብስ ልጨምር ወይ አለችኝ፤ ጨምሪ አልኋት። ክረምቱ ሊገባ ነበር። ወንድሜን ያላየሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሳንጃ ቆላ ወርዶ የሰሊጥ አራሚ ሆኗል አሉ። ሰሊጥ የሚጭን አንድ ሹፌር ኮፍያውን አይቶ ለየው።

«ይስቃል?» አልሁት ሹፌሩን።

«ማን?» አለኝ።

ባለፈው ምርጫ ጽዱ ሥር ስብሰባ ነበር። ሽማግሌው ሞተዋል፤ ዋስ ጥራ የሚል አልተገኘም። እሱ ስለ ድልድዩ ተናገረ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሲጠቃለል ይኸ ነው። ልብሱ ጠቦታል፤ ሌላ አሰፍቷል። በቅሎዋን ውሃ ወስዷታል። እናቴ ያለ እኔ ተቀብራለች። ወንድሜ ሳንጃ ነው፤ መሬቱን እኔ አሳርሳለሁ። ሰውዬው ምክር ቤት ነው። ድልድይ የለም። ሽንኩርት እገዛለሁ፤ ከወዲህ ማዶ ሆኜ።